እግር ብቻ የሚሰማው ሣጥን

ቴሌቪዥን ሲከፈት ወንበሬን አዙሬ ቀኝ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ። ግራው ከወጣትነቴ ጀምሮ አይሰማም። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ብርድ ነው እላለሁ። ባሌ ውስጥ በብርድ ያላሳበበ ማን አለ?

ባለፈው በልግ፣ ዝናቡ ሮቤን ጭቃ በጭቃ ባደረጋት በአንዱ ቀን፣ ተከራዬ ሰሚራ ከባንክ ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን ደጃፍ ላይ አራግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ዜናው ስለ አንድ አዲስ ሰው አልባ አውሮፕላን ያወራል። በአጭር ጊዜ በጀት ተፈቅዶለት፣ በአጭር ጊዜ ተገዝቶ፣ በአጭር ጊዜ ለግዳጅ እንደበቃ ይናገራል። ዜና አንባቢው "አጭር ጊዜ" የምትለዋን ቃል እንደ ማር ይልሳታል።

"እማማ አስካለ፣ ይሄ እኮ ከሰማይ ሆኖ የሰው ጫማ ይቆጥራል አሉ" አለችኝ ሰሚራ።

"ዘፈንስ ይሰማል?"

"ዘፈን ምን ያደርግለታል?" ብላ ሳቀች። "ሙዚቃ ቤት ሊከፍት ነው እንዴ?"

እኔ አልሳቅሁም። ከዜናው ቀጥሎ አዛውንቶች ያለፈ ዘመን የሚያወጉበት ዝግጅት መጣና የጥንት ጓደኛዬን ሙሉነሽን ብቅ አደረጋት። ጎባ፣ ቤቷ ውስጥ፣ ትልቅ ሶፋ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ጥርሷን አስተክላለች። ድምፅዋ ግን ያው የስልክ ቤት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የማይቸኩል። በወጣትነቷ ሳነቴ ጫፍ ላይ ለጦሩ ትሠራ እንደነበር፣ አንድ ጠዋት የጠላት ጦር መጣ ተብሎ ሞርታር ሊተኮስ ሲል ማዳመጫዋን አውልቃ "እነዚህ ሴቶች ናቸው፣ ዘፈን እሰማለሁ" ብላ ወደ ጉሙ ውስጥ እንደሮጠች ተናገረች። ጋዜጠኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት።

ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ሰሚራ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኳት። ራሴን አላመመኝም። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ሌላ ሰው እኔን ሆኖ ሲያወራ ዝም ማለት ግን ለካ ከዚያ ይከብዳል።

ያኔ ጎባ ጎባ ነበረች። ዛሬ ሮቤ ጎባን ረስታታለች፤ ባንኩም ሆቴሉም እዚህ ነው። ያኔ ግን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ ሮቤ የምትታወቀው በአውሮፕላን ማረፊያዋና በገበያዋ ነበር። እኔና ሙሉ ጎባ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ እንሠራ ነበር። ገመድ እንሰካለን፣ ገመድ እንነቅላለን፣ "ይናገሩ" እንላለን። አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ጋቢ ለብሰን እንተኛለን። የጎባ ብርድ የማይወደውን ሰው እንኳ ያስተቃቅፋል፤ እኛ ደግሞ እንዋደድ ነበር። የቤት አከራያችን የጠራ ቅቤ የጠጣ የገብስ ጭኮ በቅል ትሰጠን ነበር። ያን ጭኮ አልጋ ላይ ተቀምጠን በጣታችን እየቆረስን፣ ቀኑን በስልክ የሰማነውን የሰው ምስጢር እያነሣን እንስቃለን። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር እንዲያ ስቄ አላውቅም።

በደርግ ዘመን፣ ባሌ ላይ የነበረው ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ሻምበል ታፈሰ የሚባል መኮንን ጥሩ ጆሮ ያላቸው ሴቶች ፈልጎ ስልክ ቤት መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። ኃላፊያችን እኔንና ሙሉን ጠቆመ።

አዲሱ ሣጥን የመጣው ያን ሰሞን ነው። እኛ አገር ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ስንት ዓመት ይጻጻፋሉ። ይህ ግን መኸሩ ሳይታጨድ ተወስኖ፣ ከአስተማሪውም ከዘበኛውም ደመወዝ ተቆርጦ፣ በልጉ ሳይዘራ ሮቤ ላይ ከአውሮፕላን ወረደ። ፊቱ በብርድ የቀላ አንድ ፈረንጅ ከአስተርጓሚ ጋር አብሮት መጣ። ከጎባ ወደ ሳነቴ በሚወስደው መንገድ፣ የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ ረጃጅሙ የጅብራ ተክል በሚጀምርበት ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ከቤቱ ፊት ያለውን ሜዳ ቆፍረው ዘነዘና የሚያካክሉ ብረቶች ቀበሩ፤ ከብረቶቹ ሽቦ ስበው ከሣጥኑ ጋር አገናኙት። ሰው ሜዳውን ሲረግጥ ማዳመጫው ውስጥ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ነገሩ ይኸው ነው። ወታደሮቹ "የመሬት ጆሮ" አሉት።

"ይህ መሣሪያ የተፈተነው በረሃ ላይ ነው" አለን አስተርጓሚው፣ እንደ ትልቅ ምስክር ወረቀት። ፈረንጁ አሳይቶን፣ የሰጡትን የሐረና ማር ተሸክሞ ሄደ።

በረሃ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ይሆናል። ሳነቴ ላይ ግን መሬቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከሥሩ ፍልፈል ይቆፍራል፤ ፍልፈሉን ቀይ ቀበሮ ያደባበታል፤ ቀበሮውን የእረኛ ውሻ ያሯሩጠዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማዳመጫችን እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ ዋለ። ወታደሮቹ ምሽግ ውስጥ ገብተው ባዶ ሣር ላይ ተኮሱ። ወሬው ጎባ ከእኛ ቀድሞ ገባ። ሻምበሉ ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ከጥግ ሆኖ፣

"ጌታዬ፣ ፍልፈሎቹ እጅ ሰጡ?" አለው።

"የሰጡትስ ሰጡ" አለ ሌላው፣ "አለቃቸው ግን ጉድጓድ ገብቷል አሉ።"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሻምበል ታፈሰ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። የድል በዓል ደርሶ ነበር፤ ለበዓሉ ትልልቆቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው ሣጥኑን ይጎበኛሉ ተብሏል። ያ ሰው እስከዚያ ድረስ ሣጥኑን ልክ ማድረግ ነበረበት። ሣጥኑ ልክ ሊሆን ስላልቻለ ተራራውን ልክ ማድረግ ጀመረ።

መጀመሪያ ጠባቂዎቹን ከሜዳው አነሣ፤ ቡትስ ጫማቸው ሣጥኑን ያሳስተዋል ተባለ። በፈረስ የሚዞሩትን ቃኚዎች አስቀረ፤ የፈረስ ኮቴ ይረብሻል ተባለ። የቆርቆሮ ቤቱን ግድግዳ ከውስጥ በብርድ ልብስ አስለበሰው፤ የንፋስ ፉጨት እኛን ያደናግራል ተባለ። ከአሁን በኋላ ተረኛዋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ እንዳታነሣ፣ የምትናገረውም ከሣጥኑ የሰማችውን ብቻ እንዲሆን አዘዘ። እንዲህ እንዲህ እያለ በዚያ ሜዳ ላይ ዓይን ያለው ሰው አልቀረም። ሁላችንም ጆሮ ሆንን፤ ያውም የአንድ ሣጥን ጆሮ።

በመጨረሻ የሆራውን መንገድ ዘጋ። ሆራ ከብት የሚወደው ጨዋማ ምንጭ ነው። የባሌ አርቢ በየጊዜው ከብቱን ነድቶ ካላጠጣ ወተቱም ጤናውም ይጓደላል፤ መንገዱም ከአባት አያት የመጣ ነው። እዚያ ላይ ገመድ ተወጠረ። ፋጡማ የምትባል አራስነቷን ገና የጨረሰች ሴት ላሞቿን ይዛ ገመዱን ስታልፍ አንድ ወታደር በሰደፍ መታት። በእጇ የያዘችው ሲንቄም ተሰበረ።

ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ስትዳር እናቷ በእጇ ትሰጣታለች። መምቻ አይደለችም። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆመች የሚያልፍ የለም፤ አንዷ ተደፍራ ከጮኸች ደግሞ የአካባቢው ሴት ሁሉ ቤቱን ጥሎ፣ ሲንቄውን ይዞ፣ እየዘፈነ ወደ በዳዩ ይሄዳል። ካሣ ሳይከፈል፣ ይቅርታ ሳይጠየቅ አይመለስም። ይህን ጎባ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሙሉ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች፤ ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ አይተናነስም ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ነበር። ጉሙ እጅን ዘርግቶ ጣትን አያሳይም። ማዳመጫው እኔ ላይ ነው፤ ሙሉ ከሻምበሉና ከሞርታር ምድቡ ጋር በሚያገናኘው ስልክ አጠገብ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ከሩቅ ዱብ፣ ዱብ አለ። መጀመሪያ ፍልፈል መሰለኝ። ከዚያ በዛ። ሙሉ ደወለች። ሻምበሉ እየሮጠ መጣ፤ ዛሬ ሰዓቱን አላየም።

"ስንት ይሆናሉ?"

"መቁጠር አይቻልም ጌታዬ። ብዙ ናቸው።"

"እሰይ!" አለ። እንዲያ ነው ያለው። ጠላት መጣ ሲሉት እሰይ ያለ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

እግሮቹ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መሬቱን ይረግጣሉ፣ እንደገና ይራመዳሉ። ግራ ገባኝ። ማዳመጫውን ያወለቅሁት በብልሃት አይደለም፤ ብረቱ ጆሮዬን አቀዝቅዞት ላሸው ብዬ ነው። ሻምበሉ ሲገባ በሩን አልዘጋውም ነበር። በተከፈተው በር ከጉሙ ውስጥ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንዷ ስታወጣ ብዙዎች የሚቀበሉት ድምፅ ገባ።

"ጌታዬ፣ ዘፈን ነው" አልኩት።

"የምን ዘፈን?"

"ሴቶች ናቸው። ስለ ፋጡማ ነው የመጡት። ሲንቄ ይዘው ነው።"

"ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አድርጊ!"

"በሩ ጋ መጥተው ይስሙት እንጂ ጌታዬ፤ ያለ መሣሪያ ይሰማል።"

"ሣጥኑ ምን አለ?" ብሎ ጮኸ። "ሣጥኑ እግር አለ! ነገ እዚህ የሚቆሙት ሰዎች ስለ ዘፈን አይደለም የሚጠይቁኝ!"

ወደ ሙሉ ዞርኩ። "ሙሉዬ፣ አንቺ ንገሪው። ትሰሚያለሽ አይደል?"

ሙሉ ዓይኔን አየችው። ከዚያ ማዳመጫውን ከእጄ ወሰደችና ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ በሁለት እጇም ጫን አድርጋ ያዘችው። ጆሮው የተደፈነን ሰው ስለ ዘፈን ማን ይጠይቀዋል?

"እግር ነው ጌታዬ" አለች፣ በስልክ ቤት ድምፅዋ። "እየቀረበ ነው።"

ወጥቼ ሮጥኩ። ወደ ሜዳው፣ ብረቶቹ ወደተቀበሩበት፣ ወደ ድምፁ። ሞርታሩ ጋ የነበረው አሥር አለቃ ገመቹ የዚያው የባሌ፣ የሲናና ልጅ ነው፤ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ቆሟል።

"አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው?"

"ሴቶች ናቸው!"

"እሰማለሁ" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። "የእኔም እናት እዚያ ውስጥ ትኖር ይሆናል። ተመለሽ!"

አልተመለስኩም። ውርጩ ያደረቀው ሣር እግሬ ሥር ሲሰባበር ይሰማኛል። ዘፈኑ እየጎላ መጣ። ከዚያ በግራዬ በኩል መሬቱ ተነሣ። ድምፁን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የተረጨውን ቀዝቃዛ የረግረግ ጭቃ ነው።

ገመቹ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጦር ሠራዊቱን ትቶ ሮቤ ስንዴ ሲነግድ፣ ያን ቀን በስልኩ የሰማውን ነገረኝ። ሻምበሉ ስልኩን እንደያዘ ሙሉን "ያቺ ልጅ ወደ ፊት ወጥታለች?" ብሎ ጠየቃት። እሷም "የእሷን እግር አልሰማሁም" አለችው። ብረቶቹ ላይ የሚሮጥ ሰው እግር በዚያ ማዳመጫ ውስጥ እንደ መዶሻ ይመታ ነበር። አለመስማት አይቻልም። ሻምበሉ ተኩስ አለ፤ ገመቹ አፈሙዙን ወደ ረግረጉ አዙሮ አንድ ተኮሰ፤ ከዚያ መሣሪያው ተበላሸ አላቸው።

ማንም አልሞተም። የሞተው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው።

ጉሙ ውስጥ ዘፈኑ ተቋርጦ ነበር። ቀና ስል ሴቶቹ ቆመዋል፣ በትራቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። ከፊት አዴ ዙበይዳ ነበሩ፤ ጎባ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ትልቅ ሰው። አጠገቤ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?"

"ስልክ ቤት ነው የምሠራው፣ አዴ" አልኳቸው።

"እንግዲያው የእነሱ ነሽ" አሉ። ቀና አሉ፤ ዘፈኑን እንደገና አወጡ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። መንገድ ላይ የቆመ ድንጋይ እንደሚታለፍ በግራና በቀኝ አልፈውኝ ሄዱ። አንዷ እንኳ ከወደቅሁበት አላነሣችኝም። ቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ሲንቄዎቻቸውን አጋድመው ተቀመጡ፤ ሻምበሉ ሽማግሌዎች መጥተው እስኪያስታርቁት ድረስ ከሣጥኑ ጋር ውስጥ ዋለ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ለፋጡማ ጊደር ተሰጣት፣ ገመዱ ተቆረጠ።

በማግስቱ ትልልቆቹ መጡ። ጥቂት ወታደሮች ሜዳው ላይ እንዲሄዱ ተደረገ፣ ሣጥኑ ዱብ ዱብ አለ፣ ተጨበጨበ። የዋዜማው ነገርም ለሣጥኑ ሙያ ሆኖ ተነገረ፤ የብዙ ሰው እግር ከሩቅ መለየቱን እንደ ድል አወሩት። ሻምበሉ ሹመት አገኘ። ሙሉ ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ተላከች። እኔ ማዳመጫ አውልቃ ምድቧን ጥላ ሄደች ተብዬ ተባረርኩ። ስልክ ቤት ልመለስ ስል፣ ኃላፊው ግራ ጆሮዬ ላይ እጁን አጨብጭቦ እንዳልሰማሁ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

ሙሉ ልትሄድ ስትል ክፍላችን ውስጥ ልብሷን አጣጠፈች። ጋቢውን ለእኔ ተወችልኝ። "ለብርዱ ይሁንሽ" አለችኝ። ሣጥኑም ክረምቱን አልዘለቀም፤ ፍልፈሎቹ ሽቦውን በሉት።

እኔ ሮቤ ወርጄ ወፍጮ ቤት ተቀጠርኩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ስለማይሰማ የእኔ አለመስማት አይታወቅም። እዚያው አረጀሁ። የመንግሥት ሰዎቹ ለሴቶቹ ያደረች አሉኝ፤ የሴቶቹ ወገን የሣጥኑ ሴት አሉኝ። ገበያ ቅቤ ስገዛ አንዷ ለሌላዋ በኦሮምኛ "ይቺ እኮ ያቺ ናት" ስትላት ሰምቻለሁ፤ በቀኜ በኩል ነበረች። ቅቤውን ገዝቼ ሄድኩ። ምን እላታለሁ? አዎ፣ ያቺ ነኝ፤ ግን የትኛዋ እንደሆንኩ አንቺም አታውቂም ልላት ነበር?

ገመቹ አምና ሞተ። ጎባ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ሙሉ ገባች። ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። በቀኜ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እሷ ግን ዞራ በግራዬ ተቀመጠች፤ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች፣ ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግታ ማውራት ጀመረች። ረጅም ነበር። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፣ ድምፅዋ ግን የለም። አልዞርኩም። ፊት ለፊቴ ያለውን የድንኳኑን ምሰሶ እያየሁ ተቀመጥኩ። ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሥታ ሄደች።

ይቅርታ ይሆናል። ወይም ስለ ገመቹ አሟሟት ነው። ወይም ቴሌቪዥን ላይ ልታወራው ያሰበችውን አስቀድማ ልትነግረኝ ነው። ሙሉ የትኛው ጆሮዬ እንደሞተ ታውቃለች፤ ሰው ሁሉ ብርድ ነው ስለው ሲያምነኝ እሷ አንዷ ታውቃለች።

ዛሬ ጠዋት የሮቤን የስንዴ ማሳ ከላይ ፎቶ የሚያነሣ ትንሽ ነገር በሰፈራችን ሰማይ ሲዞር ነበር። ልጆች እየጮኹ ተከተሉት።

"እማማ፣ ሰሙት?" አለችኝ ሰሚራ፣ ከደጅ ሆና።

ቀኝ ጆሮዬን ወደ ላይ ሰጠሁት። እንደ ንብ ይላል። ማዶ ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ ማዳመጫ አድርጋ ለብቻዋ ተቀምጣ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እሱ እንኳ የእርሻ ነው፣ ይቅር። የዜናውን አውሮፕላን ነው ያሰብኩት። በእሷም ቤት በር ይኖር ይሆን? የተከፈተስ እንደሆነ የሚገባው ምን ድምፅ ነው?

ሙሉ ማንበብ ትወዳለች፤ ይህ የጻፍኩት እጇ መግባቱ አይቀርም። በድንኳኑ ውስጥ ያለችኝን ደግማ ልትነግረኝ ከፈለገች ቤቴን ታውቀዋለች። ብቻዬን ነኝ። በቀኜ በኩል ያለው ወንበር ሁልጊዜም ባዶ ነው።